የጋሽ ቱቦ እሳት

ጋሽ ቱቦን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣው ይህን ያህል ነው፦ ሲወጣ አርባ አራት፣ ሲወርድ አርባ አራት የደረጃ እርከን፤ ከሁለቱ ጉልበቶቹ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ግራው፤ ደርሶ መልስ አውቶቡስ፤ ሦስት ብርጭቆ ሻይ፤ ከኪስ ወደ አፍንጫ ሲመላለሱ የሚውሉ ሁለት መነጽሮች፣ አንዱ ለሩቅ አንዱ ለቅርብ፤ የሪፖርት ወረቀት ከነካርቦኑ፣ ሦስት ቅጂ፤ እና ከሚስቱ ትዕግሥት ላይ አንድ ማንኪያ። ትዕግሥቷ ድሮ በበርሜል ነበር። አሁን ታቹ መታየት ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚያመርተው ምንድነው ቢባል፣ እሳት ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል እሳት፤ በመዳፍ በምትያዝ የጌም መጫወቻ ስክሪን ላይ የምትነድ፣ የማትሞቅ፣ ጭሷ የማያስነጥስ። መጫወቻዋ የዘመኑ ናት፤ ግን ሆን ተብሎ እንደ ድሮዎቹ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ስክሪኗ ወደ ጎን መቶ ሃያ ስምንት፣ ወደ ታች መቶ ሃያ ስምንት ነጥብ ብቻ ነው። ቀለሟ አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባተኛ ቀለም ያማረው ሰው ሌላ ቤት ይሂድ።

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በእሳት አደጋ መከላከያ ውስጥ የውሃ ቱቦ ይዞ ከፊት የሚቀድመው እሱ ስለነበር፣ መጀመሪያ ጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ በመጨረሻ ሚስቱ ሳትቀር "ቱቦ" አሉት። ፀጉሩ ሲሸብት "ጋሽ" ተጨመረበት።

ኮድ መጻፍ የተማረውም እዚያው ነው። የእሳት አደጋ ሰው ሥራው ዘጠኝ እጁ መጠበቅ ነው። ሌሎቹ ደወሉ እስኪጮህ ካርታ ሲጫወቱ፣ እሱ ልጁ አግብታ ስትሄድ ጥላት የሄደችውን መጫወቻ ከነኮድ መማሪያ መጽሐፏ ይዞ ጥግ ይቀመጥ ነበር። መጽሐፏ "አንድ ነጥብ ስክሪኑ ላይ አስቀምጥ" ትላለች፤ ያስቀምጣል። "አሁን ወደ ታች አንቀሳቅሳት" ትላለች፤ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ በስድስት ዓመት ውስጥ ነጠብጣብ፣ ካፊያ፣ ዶፍ ዝናብ፣ ፏፏቴ፣ የተበሳ ጣሪያ ፍሳሽና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መሥራት ቻለ። ልብ ያለ ሰው፣ የሠራው ሁሉ ውሃ መሆኑን ያኔውኑ ያስተውል ነበር። ልብ ያለ ግን አልነበረም።

ጡረታ ሲወጣ ችግሩ ቤት ገባ። በሦስት ወር ውስጥ የሚስቱን ምድጃ ሰባት ጊዜ አጠፋባት። ድስቷን ጥዳ ጓዳ ገብታ ስትመለስ ምድጃው ጠፍቶ፣ ድስቱ ወርዶ፣ እሱ ክንዱን አጣምሮ አጠገቡ ቆሞ ታገኘዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ጥለሽው ሄድሽ።"

"ጨው ላመጣ ነው የሄድኩት።"

"ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው" ይላታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በተቃጠሉ ወጥ ቤቶች በራፍ ላይ የሰማውን እያስታወሰ።

ስለዚህ አንዲት ወጣት ከጎሚስታ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ለዚያች መጫወቻ ጌም እንደምትሠራና ሰው እንደምትፈልግ ሲሰማ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ የሸኘችው ሚስቱ ራሷ ናት። ቦርሳውን ይዛ፣ ሱፉን አራግፋ፣ "በል አደራህን፣ ይውደዱህ" ብላ።

ወደዱት። የሥራ ክፍሉ ሦስት ወንበር አለው። አንደኛው የአለቃዋ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጋሽ ቱቦ ሁልጊዜ ጠዋት ሲገባ ሰላምታ በወታደር ደንብ ሰጥቷት "አለቃ" ይላታል። እባክዎ አይበሉኝ ብላ ለምናው ለምናው ትታዋለች። ሁለቱም ክፍል ውስጥ እርስዎ ይባባላሉ፤ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ግን ማዕረጉ ያልቅና "ልጄ፣ ሹራብ አልያዝሽም እንዴ" ይላታል። ሁለተኛው ወንበር የድምፅ ሠሪው ነው፤ መላጣ፣ የመንታ አባት፣ የዶሮ ኩክኩታ በሁለት ጢጥታ አስመስሎ መሥራት የሚችል ሰው። ሦስተኛው ወንበር ጋሽ ቱቦ የሚቀመጥበት ነው፤ ግን የእሱ አይደለም፤ ለሙከራ ነው። ታች ጎሚስታው ጎማ በነፋ ቁጥር ሦስቱም ወንበር አንድ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሥራው ጌም ሠሪዎች ኢፌክት የሚሉት ነው፦ ጀግናው ሲዘል ከእግሩ ሥር የምትነሣ አቧራ፣ ሳንቲም ሲለቀም የምትበተን ብልጭታ፣ ጭስ፣ ዝናብ። ማንም የማያስተውላቸው፣ ከሌሉ ግን ሁሉም "ምን ጎደለ?" የሚልባቸው ነገሮች። በመጀመሪያው ወር ዝናብ ሠራ፤ ድምፅ ሠሪው አይቶት መስኮት ሊዘጋ ተነሣ። በሁለተኛው ወር የዶሮዋ ጌም መጣ።

ጌሙ ቀላል ነው። አንዲት ዶሮ ገለባ ቤት ውስጥ እንቁላሎቿን ለቅማ ትወጣለች። ከኋላዋ እሳት ያሳድዳታል። ተጫዋቹ ያስሮጣታል። ገዢዋ፣ የልጆች መጫወቻ ሱቆች ያሏት ሴት፣ ለጌሙ ሁለት ነገር ጠይቃለች፦ እሳቱ እሳት ይምሰል፤ ደግሞም ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስትመጣ ጌሙ ሳይቆምና ሳይደርቅ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሲሠራ የቆየ ይሁን። ባለፈው የገዛችው ጌም በሁለተኛው ቀን ደርቆ ወላጆች ሱቋ ድረስ መጥተው ሰድበዋታል።

"ጋሼ" አለችው አለቃዋ ሰኞ ጠዋት፣ "ግልጹን ልንገርዎት። እሳቱ ከሆነ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን የተሠራ እሳት በኢሜይል የሚልክ ጎረምሳ አለ። እሳት፣ ፍንዳታ፣ መብረቅ፣ ሁሉም አለው። እኔ እርስዎን ነው የምመርጠው።"

"ገብቶኛል፣ አለቃ።"

የገባውስ ወንበሩ ሳይሆን ምድጃው ነበር። ይህ ወንበር ካመለጠው የሚመለሰው ሚስቱ ምድጃ አጠገብ ነው።

የእሳት አሠራሩ ታዲያ እንዲህ ነው። ከታች ያለው የነጥብ ረድፍ ነጭ ይሆናል፤ በጣም የጋለው እሱ ነው። ከሱ በላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የበታቹን ያይና ከሱ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይወስዳል፤ ነጭ ወደ ቢጫ፣ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ ወደ ቀይ፣ ቀይ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። አልፎ አልፎ ነጥቡ ቀጥታ የበታቹን ሳይሆን የበታቹን ጎረቤት ይመለከታል፤ እሳቱ የሚወዛወዘው ያን ጊዜ ነው። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። የታችኛው ረድፍ ነጭ እስከሆነ ድረስ እሳቱ እስከ ዕለተ ምጽአት ይነዳል።

ጋሽ ቱቦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ተደፉ። እሳቱ ተነሣ፤ ላሰ፣ ተወዛወዘ፣ ወደ ዶሮዋ ዘንበል አለ። ድምፅ ሠሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ከዚያ እሳቱ ቀላ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠፋ።

"ጋሼ፣ እሳቱ የት ሄደ?" አለች አለቃዋ።

"ጠፋ።"

"ለምን ይጠፋል?"

"የሚነደው አለቀ። ገለባ ነው ያሉኝ። ይህን ያህል ክፍል የሚሞላ ደረቅ ገለባ በዚህ ንፋስ ስምንት ሰከንድ ነው። እኔ በደግነት ነው አሥራ አንድ ያደረስኩት።"

"ታዲያ ዶሮዋ ከምን ትሽሽ?"

"መሸሽ ለምን ያስፈልጋታል? ድናለች እኮ።"

ድምፅ ሠሪው ይህን ለማረጋገጥ መጫወቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እጁን አጣጠፈ፤ ሻዩን ጠጣ፤ አሸነፈ። ስክሪኑ ላይ ርችት ተተኮሰ። ጋሽ ቱቦ ግን የሪፖርት ወረቀቱን አውጥቶ መጻፍ ጀምሯል። የእሳቱ መነሻ፦ አልታወቀም። የወደመ ንብረት፦ ገለባ። የተረፈ ንብረት፦ ዶሮ፣ አንድ።

"ጋሼ፣ ይሄን ለማን ነው የምትሰጠው?" አለ ድምፅ ሠሪው።

"አንዱ ለአለቃ፣ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለኔ።"

ማክሰኞ አዲስ እሳት ይዞ መጣ። ገለባው እንዳያልቅ አድርጎታል። ይህኛው ሃያ አራት ሰከንድ ነዶ፣ በጣም አምሮበት፣ ከፍ ብሎ፣ ድንገት ከላይ ወደ ታች ጠፋ። አለቃዋ የጎረምሳውን ኢሜይል ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ድምፅ ሠሪው አዘነለትና ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማየት ያዘ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይሄ 'ተረኛ' ብለህ የጻፍከው ክፍል ምንድነው የሚሠራው?"

ጋሽ ቱቦ የቅርቡን መነጽር አውልቆ የሩቁን አደረገ።

"ነበልባሉ ከዶሮዋ አናት ካለፈ" አለ ድምፅ ሠሪው እያነበበ፣ "ከላይ በአራት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ይወርዳል። ሰማያዊው የነካው ነጥብ ጥቁር ይሆናል። ጋሼ፣ ኮዱ ውስጥ እሳት አደጋ አስገብተሃል።"

"ለጥንቃቄ ነው።"

"ከምን?"

"ከእሳቱ ነዋ።"

"አራት ናቸው?"

"አንድ ተራ አራት ሰው ነው። በሦስት ሰው ማን ይወጣል?"

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የጋሽ ቱቦ ልማድ ክፉ ባይሆንም ከማዕዱ ሰርቆታል። እጁ ራሱ ነው የጻፈው። እሱ ስለ ነበልባሉ ሲያስብ እጁ ከታች ቱቦውን ዘርግቶ ጨርሷል።

አለቃዋ ኢሜይሉን ዘጋች። "ጋሼ፣ ያስወጧቸው።"

"አራቱንም?"

"አራቱንም።"

ረቡዕ ጠዋት አንድ በአንድ አሰናበታቸው። መስመር በመስመር ሲያጠፋ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ሠሪው ጆሮውን አስጠግቶ ሲያዳምጥ "አመሰግናለሁ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" የሚል ነው። አራት ሰዓት ላይ ጌሙ ተከፈተ። እሳቱ ተነሣ። አሥራ አንድ ሰከንድ አለፈ፣ ሃያ አራት አለፈ፣ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። ማንም ስላልተጫወተላት ዶሮዋ በየግማሽ ደቂቃው እሳቱ ይደርስባትና ትቃጠላለች፣ ጌሙ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ዶሮዋ ተነሥታ ትቆማለች፣ እንደገና ይደርስባታል። እሳቱ ግን አልጠፋም። አለቃዋ ሳቀች፤ ድምፅ ሠሪው አጨበጨበ። ጋሽ ቱቦ አመድ መስሎ ተቀመጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተነሡ። እሱ አልተነሣም።

"ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ።"

"ይነዳል እኮ፣ አለቃ።"

"አዎ። እስከ ቅዳሜ እንዲነድ ነው የፈለግነው።"

"እሱማ ይንደድ። ግን የሚነድ እሳት ሰው ሳይኖርበት አይተውም። እኔ ጥዬው ብሄድ፣ ነገ የሰውን ምድጃ ምን ብዬ ነው የማጠፋው?"

አለቃዋ የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ናት።

"አንተዬ፣ የት ቀረህ?"

"እሳት ላይ ነኝ።"

"ጡረታ ወጥተሃል።"

"ትንሽ ናት። ግን አልጠፋችም።"

"አጥፋትና ና።"

"ማጥፋት ክልክል ነው።"

ሚስቱ ስልኩን አይታ መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። በትዳራቸው ውስጥ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

ሰው ብቻውን እሳት አይጠብቅም፤ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹን ጠራ። አንዱ የእሳት አደጋ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሹፌሩ ነው። ሌላው በቁመቱ ምክንያት መሰላል የሚሉት ነው። ሁለቱም ጡረተኞች ናቸውና ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ አነሡ። ስምንት ስምንት ሰዓት ተካፈሉት። መሰላል ኮፍያውን፣ ያንን የብረቱን፣ ይዞ መጣ። ሹፌሩ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ ይዞ መጣ፤ አለቃዋ ኮምፒውተር አጠገብ ውሃ አይገባም ብላ አሸዋውን ብቻ ፈቀደችለት። በየሰዓቱ ይመዘገባል። ሹፌሩ ባጭሩ ነው የሚጽፈው፦ "ነበልባል መደበኛ። ዶሮ ሞታ ተነሥታለች፣ እንደተለመደው።" መሰላል ግን ይጨነቃል።

"ቱቦ፣ እሳት አመድ ይወልዳል ነው የሚባለው። ያንተ አመዱ የታለ?"

"ቀለም አልበቃኝም። አሥራ ስድስት ነው።"

"ይህቺ ዶሮስ?"

"ዶሮዋ ጌም ናት።"

"እሱን እኔ አውቃለሁ። እሷ ታውቃለች ወይ?"

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ አርባ አራቱን ደረጃ እያለከለከች ወጣች፤ ምሳ ዕቃ በአንድ እጇ፣ ንጹሕ ሸሚዝ በሌላው። በሩን ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ባለብረት ኮፍያ፣ አንድ መዳፍ የምታክል ዕቃ ከበው ከአሸዋ ባልዲ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

"ይህቺ ናት?" አለች።

"ይህቺ ናት።"

ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት። እሳቱ ዶሮዋን በላት፤ ዶሮዋ ተነሣች።

"ቆንጆ ናት" አለች። ከዚያ ሸሚዙን እጁ ላይ እያስቀመጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ "ስማኝ። ይህ ወንበር እንዳያመልጥህ። ተመልሰህ ቤት ከተቀመጥክ፣ ጡረታ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እህቴ ቤት ሄጄ ነው የማበስለው። ቀልድ እንዳይመስልህ።"

አልመሰለውም።

ዓርብ መሰላል ተራውን ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ቱቦ ፊቱን ሊታጠብ ጎሚስታው ቧንቧ ጋ ወረደ፤ ሹፌሩም ሻይ ሊያመጣ አብሮት ወረደ። አለቃዋ ወጥታለች። ድምፅ ሠሪው ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ጢጥ ጢጥ ያስብላል። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጋሽ ቱቦ ፊቱን እየጠረገ ሲመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። መሰላል ተረከዙን ገጥሞ ቆሟል።

"እሳቱ ከዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ውሏል" አለ። "በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ዶሮ፣ አንድ፣ ድናለች።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ዐረፍተ ነገር በሰማ ቁጥር ጋሽ ቱቦ እፎይ ይል ነበር። ዛሬ ግን ሦስተኛው ወንበር ላይ ያ በኢሜይል እሳት የሚልከው ጎረምሳ ተቀምጦ ታየው፤ ሚስቱ ድስቷን አናቷ ላይ ተሸክማ ወደ እህቷ ቤት ስትሄድም ታየችው።

"ምነው፣ ወንድሜ?" አለ በመጨረሻ። "ምነው መሰላል?"

"አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ስትቃጠል ቆጥሬያለሁ። በሁለት ተራ። አንተ ብትሆን ስንት ትቆጥር ነበር?"

ጋሽ ቱቦ መልሱን ያውቃል። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ደንቡ ነው። "ደህና ሠራህ" አለው፤ እሱም ደንቡ ነው።

ሹፌሩ ሻዩን ይዞ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ መፍትሔ አመጣ። "ታዲያ ምን ያስጨንቃል? አብራትና ዝም በል። ማን ያውቃል? ወረቀቱ በእጃችን ነው። ሰባ ሁለት ሰዓት ብለን እንሞላዋለን።"

እውነትም ማን ያውቃል። ድምፅ ሠሪው እንኳ ቀና አላለም። ጋሽ ቱቦ ቁልፏን ወደ ላይ ገፋና አበራት፤ ዶሮዋ ቆመች፣ እሳቱ ተነሣ። ከዚያ ተቀምጦ ካርቦኑን አስተካክሎ ብዕሩን ያዘ። በሕይወቱ ብዙ የሪፖርት ወረቀት ሞልቷል፤ በአንዳንዱ ስሕተት ጽፏል፣ በአንዳንዱ ሰዓቱ ተሳስቶበታል፤ ያልነደደውን ነደደ፣ የጠፋውን አልጠፋም ብሎ የጻፈበት ግን የለም። "ይህን አሁን ብጀምረው" አለ ለሹፌሩ፣ "ከነገ ወዲያ አንድ ቤት ተቃጥሎ መጥፋቱን የሚያምነኝ ማነው?"

"ጡረታ ወጥተሃል እኮ።"

"እኔ ነኝ እንጂ ወረቀቱ ጡረታ አልወጣም።"

ጻፈው፦ "በአምሳ ሦስተኛው ሰዓት በሰው እጅ ጠፍቷል። የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። ምክንያት፦ አላስቻለውም።"

ቅዳሜ አራት ሰዓት ገዢዋ መጣች፤ ትልቅ ቦርሳ የያዘች፣ ዓይኗ ፈጣን የሆነች ሴት። አለቃዋ ማታውኑ ሪፖርቱን አንብባ ስለነበር ፊቷ የታመመ ይመስላል። ጋሽ ቱቦ ንጹሑን ሸሚዝ ለብሷል። ሁለቱ ባልደረቦቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ሦስት ቀን ሠራ?" አለች ገዢዋ።

ጋሽ ቱቦ መልስ በመስጠት ፈንታ ወረቀቶቹን ሰጣት። ቆማ አነበበች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አምሳ ሦስቱንም ሰዓት። ነበልባል መደበኛ። ነበልባል መደበኛ። ነበልባል ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ነው። ነበልባል መደበኛ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ማነው ያላስቻለው?"

መሰላል ኮፍያውን አውልቆ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። "እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።"

"ድሮ ምን ይሠሩ ነበር?"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሳት አደጋ።"

ገዢዋ ወንበር ስባ መጫወቻዋ ፊት ተቀመጠች። ምንም አልነካችም። ዶሮዋ ተቃጠለች። ሁለተኛ ተቃጠለች። በሦስተኛው ገዢዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። በአራተኛው እጇን ሰደድ አድርጋ ቁልፉን ወደ ታች ገፋችው፤ ጠፋ። ታች አንድ ጎማ ይነፋል።

"ሌሎች እሳት ያሳዩኛል" አለች። "ዓመት ቢነድ ሊያጠፋው የሚነሣ ሰው የለም፤ እሳት ነው ብሎ የሚያምን የለማ። ጌሙ የተጫነባቸው አራት መቶ መጫወቻ እወስዳለሁ።"

"ግን አምሳ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሠራው" አለች አለቃዋ፤ እውነት ተናጋሪነቱ ወደ ክፍሉ ሁሉ ተጋብቷል።

"አምሳ ሦስት ሰዓት ሳይነሣ የሚጫወት ልጅ ካለ፣ እኔ ሳልሆን እናቱ ትጠየቅ።"

እንዲህ ሆኖ ወንበሩ የጋሽ ቱቦ ሆነ። አለቃዋ መደገፊያው ላይ ስሙን ጻፈችበት፤ ሚስቱ ስትሰማ ለእህቷ ደውላ "አልመጣም፣ ድኛለሁ" አለቻት። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ነገር ግን መጫወቻዎቹ ታሽገው በጭነት መኪና ሲሄዱ ጋሽ ቱቦ መስኮት ላይ ቆሞ መኪናዋ እስክትታጠፍ አያት። በማግሥቱ ምሳውን አልነካም። በሦስተኛው ቀን አለቃዋን መጫወቻዎቹን ከሱቅ የሚገዙትን ሰዎች አድራሻ ጠየቃት።

"የአራት መቶውንም?"

"በቀን አሥር አሥር ቤት ብናዳርስ፣ ሹፌሩም መሰላልም አሉ።"

አለቃዋ እንቢ አለች፤ በትሕትና፣ ግን እንቢ። ቤት ገብቶ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ምድጃው ከጀርባው ይነዳል፤ ዞሮ እንኳ አላየውም። ሚስቱን ያስደነገጣት ይህ ነው።

"አሁን ደግሞ ምን ነካህ?"

"አራት መቶ ቤት ውስጥ እሳት ለኩሻለሁ። ማን እንደሚኖርበት አላውቅም።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አትራቀቅም፤ ዕቃ ከጎደለ ዕቃ ማምጣት ነው። "ቤታቸውን ካላወቅከው፣ ጻፍላቸው" አለች። "ከዕቃው ጋር ሣጥን ውስጥ የምትገባ መጽሐፍ የለችም?"

"እሷንማ ማንም አያነባትም።"

"አንድ ሰው ያነባታል። ሻይ ሲጠጣ እጁን የሚያደርግበት ያጣ ሰው ሁሌም አለ።"

አለቃዋ ለቀጣዩ ሣጥን፣ ከመጽሐፏ መጨረሻ ግማሽ ገጽ ፈቀደችለት። ዘጠኝ ጊዜ ጻፈው። የመጀመሪያው የመውጫ በሮች ካርታ ነበረበት፤ ሁለተኛው የአሸዋ ልክ። ዘጠነኛውን አለቃዋ አሳለፈችው፤ አሁን በየሣጥኑ ውስጥ የሚገኘውም፣ ሣጥኑ ለሌላቸው ሁሉ እዚህ እንዲነበብ የጠየቀውም እሱ ነው፦

"ይህን ለምታነቡ ሁሉ። እሳቱ አያቃጥልም፤ እኔ ስለሠራሁት አውቃለሁ። ቢሆንም እባካችሁ ስትነሡ አጥፉት። ቁልፉ ከጎን ነው፤ ወደ ታች ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። 'ስልክ ጠራኝ፣ ጨው ላምጣ፣ አሁን እመለሳለሁ' እያላችሁ እየነደደ እንዳትተዉት። እናንተ ስትሄዱ ዶሮዋ ብቻዋን ናት። መጫወቻዋ የሌላችሁም ብትሆኑ፣ ቤታችሁ ውስጥ ጥላችሁት የመጣችሁት የሚነድ ነገር ካለ ይህን አሁን አስቀምጡና ሄዳችሁ እዩ። ከዚያ ጠፍቷል ብላችሁ ላኩልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል።"